ሦስቱ ጫኖዎች አንድ አይዲ ሲጋሩ

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ የአባያን ሐይቅ በስተቀኝ ትተው ሲሄዱ፣ የሙዝ አገር ነው። ላንቴ አለ፤ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ አሉ። ከሦስቱ የጫኖ ቀበሌዎች ወደ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የሚገባውን ሙዝ የሚመዘግብ ገጽ እንዲሠሩ ተጠየቁ እንበል። ለእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ ላይ የቀበሌው ስም፣ የኪሎ ሳጥን፣ የዋጋ ሳጥን፣ ቁጥር ሲሳሳት ብቅ የሚል ቀይ ጽሑፍ። እንደ ዘመኑ ልማድ ካርዱን በአንድ ኮምፖነንት አንዴ ይጽፉታል፣ ገጹ ላይ ደጋግመው ይጠሩታል።

ሲጽፉት ለኪሎው ሳጥን «ኪሎ» የሚል አይዲ ሰጡት፤ «የተመዘነ ኪሎ» የሚለውን ሌብል ደግሞ «ፎር» በሚባለው አትሪቢዩት ከዚያ አይዲ ጋር አሰሩት። በፋይልዎ ውስጥ «ኪሎ» የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ገጹ ላይ ግን ሦስት ጫኖ አለ፣ ሦስት «ኪሎ» አለ። መዛኙ በስልኩ የጫኖ ዶርጋን ሌብል ሲነካ ጠቋሚው የጫኖ ሚሌ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ስለሆነ ልብ አይልም፤ የአንዱ ቀበሌ ሙዝ በሌላው ስም ይመዘገባል። ኮንሶሉ ላይ ቀይ መስመር አይወጣም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም። ማኅበሩ ነገሩን የሚያውቀው ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

የኤችቲኤምኤል ደንብ በአንድ ገጽ አንድን አይዲ ሁለት ኤለመንት እንዳይዘው ይከለክላል። ብራውዘር ግን ደንቡን የጣሰ ገጽ ሲመጣለት አይመልሰውም፤ «ይህን አይዲ ፈልግ» ሲባል ከላይ ወደ ታች ይወርድና መጀመሪያ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ኮምፖነንት ደግሞ በአንድ ገጽ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ፣ ከማን ጋር እንደሚጎራበት አያውቅም። ይህን የማያውቅ ቁራጭ ኮድ ለራሱ ቋሚ አይዲ ሊያወጣ አይገባውም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ገጽዎን ይመርምሩ

የኮድ ፋይልዎን እየገለበጡ ድግግሞሽ መፈለግ ዋጋ የለውም፤ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም ነገር አንድ አንድ ነው። መመርመር ያለበት ብራውዘሩ ውስጥ ተሠርቶ ያለቀው ገጽ ነው። ገጹን ይክፈቱ፤ ካርዶቹ ሁለትና ከዚያ በላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። በአንድ ካርድ ብቻ የሚሞከር ገጽ ምንጊዜም ጤነኛ ይመስላል። የሚከፈቱ መስኮቶችንና ትሮችንም አስቀድመው ይክፈቷቸው፤ ገጹ ላይ ያልተፈጠረ ኤለመንት ምርመራ ውስጥ አይገባም።

ቀጥሎ ኮንሶሉን ይክፈቱና በኩዌሪ-ሰሌክተር-ኦል አይዲ ያላቸውን ኤለመንቶች በሙሉ ይሰብስቡ፤ አይዲዎቻቸውን በዝርዝር አስፍረው ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣውን ያጣሩ። ሦስት መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ጌት-ኤለመንት-ባይ-አይዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መጀመሪያውን ብቻ ስለሚመልስ ድግግሞሹን ይደብቅብዎታል። ኮድ መጻፍ ካልፈለጉ በክሮም የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ «ኢሹስ» የሚለው ክፍል በአንድ ፎርም ውስጥ አይዲ የተጋሩ ሳጥኖችን ይጠቁማል፤ አክስ የተባለው የብራውዘር ተጨማሪም ሌብልና የኤሪያ አትሪቢዩቶች የሚጠቅሷቸውን ድግግሞሾች ያወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የድር ተደራሽነት መመሪያ የሆነው ደብሊውካግ ድግግሞሽ አይዲን በስም የሚያነሳ 4.1.1 የተባለ መስፈርት ነበረው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.2 ቅጂ መስፈርቱ ተሰረዘ። ይህን ሰምተው «እንግዲህ ተፈቀደ» ያሉ አሉ። አልተፈቀደም። ሌብሉ የሌላ ሳጥን ስም ሆኖ ከተነበበ ገጹ 1.3.1ንና 4.1.2ን ይጥሳል፤ እነዚህ አሁንም በቦታቸው ናቸው። የኤችቲኤምኤል ደንብም አልተነካም።

ከዚያ የማያስፈልገውን ይሰርዙ

አብዛኛው አይዲ ባይኖርም ምንም አይጎድልም ባይ ነኝ። ለቀለምና ለቅርጽ ብለው የሰጡትን ወደ ክላስ ይለውጡት። በጃቫስክሪፕት ኤለመንቱን ለመያዝ የሰጡትን ሪአክትም ሆነ ቪዩ በሚያቀርቡት ሬፍ ይተኩት። ለሙከራ ኮድ ብለው ከሆነ «ዳታ» በሚል የሚጀምር አትሪቢዩት ይበቃል፤ እሱ ቢደገም ጉዳት የለውም።

ሌብሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይዲ አይፈልግም። ሳጥኑን ሌብሉ ሆድ ውስጥ ያስገቡት፤ ብራውዘሩ የትኛው የማን እንደሆነ ከአቀማመጡ ይረዳል። ሦስት ጫኖም ይሁን ሠላሳ፣ ግጭት የለም። ይህ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ያለ ሆኖ ሳለ ብዙ የዲዛይን ስብስቦች ሌብልና ሳጥንን ለየብቻ ስለሚያስቀምጡ ተረስቷል። ዲዛይኑ ከፈቀደልዎ ይህን ያስቀድሙ።

የሚቀረው ጥቂት ነው፦ ከሳጥኑ ተለይቶ የተቀመጠ ሌብል፣ በኤሪያ-ዲስክራይብድባይ ከሳጥኑ ጋር የሚታሰር የስህተት ጽሑፍ፣ ለካርዱ ርዕስ የሚሆን ኤሪያ-ሌብልድባይ፣ የዳታሊስት ዝርዝር፣ የኤስቪጂ ውስጣዊ ጥቅሶች፣ ወደ ገጹ ክፍል የሚወስድ አገናኝ። እነዚህ ያለ አይዲ አይሠሩም።

የቀረውን ፍሬምወርኩ ይሰይመው

ሪአክት ከ18ኛው እትሙ ጀምሮ፣ ማለትም ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ዩዝ-አይዲ የሚባል ሁክ አለው። ቪዩም በ3.5 እትሙ፣ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው ስም የሚጠራ አስገብቷል። ስቬልት 5 ላይ ፕሮፕስ-አይዲ አለ፤ ሶሊድ ክሪኤት-ዩኒክ-አይዲ ይለዋል። ሁሉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ኮምፖነንቱ በተጠራ ቁጥር ለዚያ ጥሪ ብቻ የሚሆን መለያ ይሰጡታል።

አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ልማድ ይያዙ። በአንድ ኮምፖነንት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩት፤ ከዚያ መሠረቱ ላይ ቅጥያ እየጨመሩ ይሂዱ፦ መሠረቱ ሲደመር «-ኪሎ»፣ መሠረቱ ሲደመር «-ዋጋ»፣ መሠረቱ ሲደመር «-ስህተት»። በእያንዳንዱ ሳጥን አዲስ ዩዝ-አይዲ የሚጠራ ኮድ ይሠራል፣ ግን ሲያነቡት የትኛው ከየትኛው እንደሚዛመድ አይታይም። ሁለተኛው፣ ሪአክት ሁክን በሉፕ ውስጥ መጥራት አይፈቅድም። ቀበሌዎቹን በማፕ እየደረደሩ እዚያው መለያ ሊጠሩ ከሞከሩ ካርዱ ራሱን የቻለ ኮምፖነንት መሆን አለበት ማለት ነው። ለብቻው ያውጡት፤ ነገሩ ይቃለላል።

«ማዝ-ራንደምን ብጠቀምስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ገጹ በብራውዘር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለጊዜው ያልፋል፤ ቢሆንም ኮምፖነንቱ እንደገና በተሠራ ቁጥር አይዲው ይለወጣል። ገጹ መጀመሪያ ሰርቨር ላይ ተሠርቶ የሚላክ ከሆነ ግን ይበላሻል። ሰርቨሩ አንድ ቁጥር ያወጣል፣ ብራውዘሩ ገጹን ሲረከብ ሌላ ያወጣል፣ ሁለቱ አይገጥሙም፣ ሪአክትም አለመግጠሙን በማስጠንቀቂያ ይነግርዎታል። በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ ቆጣሪም መፍትሔ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ቆጣሪ ለትናንቱም ለዛሬውም ተጠቃሚ እየቆጠረ ሺህ ላይ ሲደርስ፣ ስልኩ ላይ ያለው ከዜሮ ይነሳል። የሪአክቱ ዩዝ-አይዲ መለያውን የሚያወጣው ኮምፖነንቱ በኮምፖነንቶቹ ዛፍ ውስጥ ካለበት ቦታ ነው፤ ዛፉ ሁለቱም ዘንድ አንድ እስከሆነ ድረስ መለያውም አንድ ይሆናል። ዲታ ወይም ቦንኬ ደጋ ላይ ኔትወርኩ ደክሞ ጃቫስክሪፕቱ ቢዘገይ እንኳ፣ ቀድሞ የደረሰው ኤችቲኤምኤል ውስጥ ሌብሎቹ ከየሳጥኖቻቸው ጋር ታስረው ይቆያሉ።

ክሪፕቶ-ራንደም-ዩዩአይዲ የሚባለውን የሚወዱ ሌላ ጉድ ይጠብቃቸዋል። ይህ ተግባር የሚገኘው ደህንነቱ በተጠበቀ ግንኙነት ብቻ ነው። በራስዎ ላፕቶፕ ሎካልሆስት ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ገጹን በስልክ ለማየት በዋይፋይ በኩል የላፕቶፑን አይፒ ቁጥር በተራ ኤችቲቲፒ ሲከፍቱ ግን ተግባሩ የለም ይባላሉ፣ ገጹም ነጭ ይሆናል። በደንብ የሚሠራ ኮድ ስልክ ላይ ብቻ ሲሞት ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ፍሬምወርኩ ያወጣውን መለያ ግን በእጅዎ አይጻፉት። ሪአክት 18 መለያውን በሁለት ነጥብ ምልክት ከቦ ያወጣው ነበር፤ ያ ምልክት በሲኤስኤስ ሰሌክተር ውስጥ ሌላ ትርጉም ስላለው ቀጥታ የጻፈው ሰው ስህተት ይገጥመው ነበር። በ19.1 ምልክቱ ወደ ድርብ ጥቅስ ተለወጠ፤ በ19.2 ደግሞ ወደ ግርጌ ሰረዝ። ያንን ቅርጽ ሲኤስኤስ ወይም የሙከራ ኮድ ውስጥ ያሰፈረ ሁሉ ፍሬምወርኩን ባሻሻለ ቁጥር ይጠግናል። መለያው ለብራውዘሩ እንጂ ለእርስዎ የወጣ አይደለም።

የቀበሌው ስም አይዲ አይሁን

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ እኮ የቀበሌውን ስም ራሱን አይዲ ባደርገው ይለያል» ይላል። ይህ መንገድ ለአማርኛ ዳታ በተለይ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በመሠረቱ አይዲ በግዕዝ ፊደል መጻፉ ምንም ስህተት የለበትም። ኤችቲኤምኤል የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ምልክት እንዲኖረውና ባዶ ቦታ እንዳይገባበት ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ባዶ ቦታው ላይ ነው። «ጫኖ ዶርጋ» ሁለት ቃል ነው። ኤሪያ-ሌብልድባይ ባዶ ቦታን የሚረዳው በሁለት አይዲዎች መካከል እንደሚቆም መለያ ነው፤ ስለዚህ «ጫኖ» የሚባል አንድ፣ «ዶርጋ» የሚባል ሌላ ኤለመንት ይፈልጋል። ሁለቱንም አያገኝም፣ ካርዱም ስም አልባ ይቀራል። ባዶ ቦታውን ለማስቀረት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ቢወስዱ ደግሞ ሦስቱ ጫኖዎች እንደገና አንድ ይሆናሉ። ጨንቻ ከተማና ጨንቻ ዙሪያ፣ አርባ ምንጭ ከተማና አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳም እንደዚሁ።

ባዶ ቦታውን በሰረዝ ተኩት እንበል። የፊደሉ ችግር ይከተላል። አንዱ መዝጋቢ «አርባ»፣ ሌላው «ዐርባ» ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ «ሠ»፣ ሌላው «ሰ» ይመርጣል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለብራውዘሩ ግን የተለያዩ የዩኒኮድ ቁጥሮች ናቸው፤ ሌብሉ በአንዱ፣ ሳጥኑ በሌላው ፊደል ከተጻፈ አይገናኙም። ዓይንዎ ደግሞ ልዩነቱን ሊያልፈው ይችላል።

ስምም ይለወጣል። የቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፍሎ ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አካባቢው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። የክልልና የዞን ስም እየቀጣጠለ አይዲ ያወጣ ገጽ ካለ፣ እያንዳንዱ ለውጥ አገናኙንና ሙከራውን ሁሉ ይሰብርበታል።

ስለዚህ ሁለቱን ይለዩ። ቀበሌው በዳታቤዝ ውስጥ የማይለወጥ ቁልፍ ይኑረው፤ ዝርዝሩን ሲደረድሩ ለሪአክት «ኪ» ብለው የሚሰጡት ያንን ቁልፍ ነው። ዩዝ-አይዲን ለዚህ አይጠቀሙበት፣ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። የዝርዝሩን ተራ ቁጥር እንደ ቁልፍ መስጠትም መጥፎ ልማድ ነው፦ መዛኙ ሦስቱም ካርዶች ላይ ኪሎ ጽፎ ሳያስገባ፣ የላይኛው ካርድ ከዝርዝሩ ቢወጣ፣ ሪአክት ሁለተኛውን ካርድ አንደኛ አድርጎ ይቆጥረውና የተጻፈው ቁጥር ወደ ማይገባው ቀበሌ ሊንሸራተት ይችላል። ይህ የአይዲ ስህተት ይመስላል፣ የቁልፍ ስህተት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አንዱን ሲጠግን ሌላውን ያበላሻል።

የገበሬውን ስልክ ወይም ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር አይዲ ማድረግ ጭራሽ አይታሰብ። ልዩ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አይዲ በገጹ ምንጭ ላይ ለማንም ይታያል፤ ስህተት የሚመዘግቡና የጎብኚ እንቅስቃሴ የሚቆጥሩ መሣሪያዎችም የተነካውን ኤለመንት አይዲ ለቅመው ወደ ሌላ አገር ሰርቨር ሊልኩት ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዲህ ያለውን መረጃ የያዘ ሰው ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል።

ቋሚ አይዲ የሚፈቀድበት ቦታ

ሰው የሚልከው አገናኝ ሲኖር አይዲው ቋሚ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ወደ ዋጋ ዝርዝሩ ክፍል ቀጥታ የሚወስድ። ይህን አይዲ የሚያወጣው ገጹ ነው፣ ኮምፖነንቱ አይደለም። ኮምፖነንቱ አይዲ በፕሮፕ እንዲቀበል ያድርጉት፤ ከተሰጠው ይጠቀምበታል፣ ካልተሰጠው ፍሬምወርኩ ያወጣለታል። በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደልን አልመክርም፤ ምክንያቱ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የሚያመጣው ጣጣ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ አድራሻ ውስጥ ሲገባ አንዱ ባይት ወደ ሦስት ምልክት ይቀየራል። «አርባምንጭ» የምትለዋ ባለ ስድስት ፊደል ቃል 54 ምልክት ትሆናለች፣ ከፐርሰንት ምልክት፣ ከቁጥርና ከነጠላ የላቲን ፊደላት በቀር የሚነበብ ነገር የሌላት። አጭር የላቲን ቃል ይጠቀሙ፤ በቁጥር ግን አይጀምር፣ በሲኤስኤስ ሰሌክተር ውስጥ ያስቸግራል።

የማይጠረጠሩ ቦታዎች

ኤስቪጂ ብዙዎችን የሚያታልል ነው። የሙዝ ዘለላ ምስል ውስጥ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚሄድ ቀለም ካለ፣ ያ ቀለም በራሱ አይዲ ተሰይሞ ነው የሚጠራው። ምስሎችን የሚያሳንሰው ኤስቪጂኦ እነዚህን አይዲዎች ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራቸዋል፤ ስለዚህ የሙዙም የማንጎውም ምስል ውስጥ ያለው ቀለም አንድ ዓይነት ስም ይይዝና ማንጎው የሙዙን ቀለም ለብሶ ይወጣል። ፕሪፊክስ-አይዲስ የሚለው የኤስቪጂኦ ተጨማሪ የፋይሉን ስም ከፊት እየቀጠለ ይህን ያስቀራል። አንድ ምስል ሁለት ቦታ ሲገባ ግን ይህም አይበቃም፦ አንድ ሎጎ በኮምፒውተሩም በስልኩም ሜኑ ውስጥ ካለና የኮምፒውተሩ ሜኑ ስልክ ላይ ሲደበቅ፣ የተደበቀው ምስል ውስጥ ያለውን ቀለም የሚጠቅሰው የስልኩ ሎጎ በአንዳንድ ብራውዘር ባዶ ሆኖ ይታያል። እዚያ ምስሉን ራሱ ኮምፖነንት አድርገው ዩዝ-አይዲ ይስጡት።

በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የሪአክት መተግበሪያ የሚጫኑ ከሆነ ሁለቱም ከመጀመሪያው ቁጥር ሊነሱና ሊጋጩ ይችላሉ። አይደንቲፋየር-ፕሪፊክስ የሚባለውን አማራጭ ለየራሳቸው ይስጧቸው፤ ሰርቨር ላይም ብራውዘር ላይም ያው ቃል መሆን አለበት። ሻዶ ዶም የሚጠቀሙ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው፤ አይዲው ከግድግዳው ውጭ አይታይም፣ ስለዚህ አይጋጭም። ውጭ ያለ ሌብልም ውስጥ ያለውን ሳጥን ሊያገኘው አይችልም። ሌብልና ሳጥኑን በአንድ በኩል ያድርጓቸው።

የሬዲዮ ቁልፎችን «ኔም»ም አይርሱ። ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት የሚል ምርጫ በየካርዱ ካለና ሁሉም በአንድ ፎርም ውስጥ አንድ «ኔም» ከያዙ፣ ለጫኖ ጫልባ የመረጡት የጫኖ ሚሌን ምርጫ ያጠፋዋል። «ኔም»ንም ከመሠረቱ መለያ ይሥሩት፣ ወደ ሰርቨር የሚሄደውን ምርጫ ደግሞ በራስዎ ስቴት ይያዙት።

ሙከራ ጽፈው ያስቀምጡ

ዛሬ ያጸዱት ገጽ ሌላ ሰው ነገ አዲስ ኮምፖነንት ሲጨምርበት ይቆሽሻል። ካርዱን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን የሚያወጣ አጭር ሙከራ ይጻፉ፤ የተደገመ አይዲ እንደሌለ ይፈትሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሌብል ሲነካ ሁለተኛው ሳጥን መያዙን ያረጋግጥ። በቴስቲንግ ላይብረሪ ሳጥኑን በሌብሉ ጽሑፍ መፈለግ ጥሩ ልማድ ነው፤ እስሩ የተበጠሰ ከሆነ ሙከራው ራሱ ይወድቃል።

በመጨረሻ ገጹን ያዳምጡት። ኤንቪዲኤ የተባለው የዊንዶውስ ስክሪን አንባቢ በነፃ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛ ያነባል፣ ድምፁ የሚወደድ ባይሆንም። ማያውን አጥፍተው በታብ ቁልፍ ብቻ ከካርድ ወደ ካርድ ይሂዱ። የጫኖ ጫልባ የዋጋ ሳጥን ላይ ፊደል ጽፈው ይሞክሩ፤ የስህተቱ ጽሑፍ መነበብ ያለበት እዚያው ሳጥን ላይ እንዳሉ ነው። የሌላ ካርድ ስህተት ከተነበበ ወይም ዝም ካለ፣ ኤሪያ-ዲስክራይብድባይ የያዘውን አይዲ ከጽሑፉ አይዲ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ።